ኮአርተም ወስዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለምን ተመለሰበት?

ጥያቄው የመጣው ቤታቸው ጅማ ከተማ ሆኖ በጎማ ወረዳ ቡና ከሚሰበስቡ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«በለቀማ ወቅት ከደጋ የሚመጡ 60 ያህል የቀን ሠራተኞች አሉኝ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ወባ አልለቃቸው አለ። ጤና ኬላ ስንልካቸው አንዳንዴ ‘መድኃኒት አልቋል’ ይባላሉ። ስለዚህ ከጅማ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም በብዛት ገዝቼ መጋዘን አስቀምጣለሁ፤ ትኩሳት የያዘው ይወስዳል። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። አንዱ ሠራተኛዬ ወስዶ ዳነ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተኛ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ማለት ነው? ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ባስመጣ ይሻል ይሆን? እኛስ ወይም ጎረቤቶቻችን ለምን አናመርተውም?»

መጀመሪያ «ፎርጅድ» የሚለውን እንፍታው። ሊሆን ይችላል። ግን ሠራተኛዎ ዳግም የታመመበትን ምክንያት ስደረድር ሐሰተኛ መድኃኒትን የማስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቫይቫክስ ነው። በአገራችን ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አሉ፤ ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ቶሎ የሚገድለው ነው። ቫይቫክስ ደግሞ የሚደበቀው ነው። ደም ውስጥ ያለውን ብታጠፉትም ጉበት ውስጥ የተኛ ዘር ይተዋል። ያ የተኛው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳና ሰውየው አዲስ ትንኝ ሳትነክሰው እንደገና ይንቀጠቀጣል። ኮአርተም የቫይቫክስንም የደም ክፍል ይገድላል፤ ለዚህ ነው ሠራተኛዎ የተሻለው። ጉበት ውስጥ ያለውን ግን አይነካውም። ከደም ውስጥም ቶሎ ስለሚጠፋ፣ የተኛው ሲነሳ የሚያግደው ነገር አያገኝም። በሦስት ሳምንት መመለስ የዚህ ዓይነተኛ ምልክት ነው።

ለቫይቫክስ የሚሰጠው ሕክምና ሌላ ነው። ለደሙ ክሎሮኪን ለ3 ቀን፣ ለጉበቱ ፕሪማኪን ለ14 ቀን። ፕሪማኪን ደግሞ እንደ ዋዛ የሚወሰድ አይደለም። በዘር የሚወረስ የአንድ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ከወሰደው ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይወስደውም። የሚወስድ ሰው ሽንቱ ጠቁሮ ኮካ ከመሰለ ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት። ይህን መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ማንም ለማንም ሊሰጠው አይገባም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያልተጨረሰ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በለቀማ ሰሞን አንድ ወጣት መድኃኒቱን ይዞ መጣ። ከኪሱ ያወጣው ማሸጊያ በመቀስ ለሁለት ተቆርጧል። «ሌላውስ?» አልኩት። «ጓደኛዬም አሞት ነበር፤ ተካፈልን» አለኝ። 12 ክኒን ለእሱ፣ 12 ለጓደኛው። የአንድ አዋቂ ሙሉ መጠን 24 ክኒን ነው። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፣ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ቀሪዎቹ ጠዋትና ማታ ናቸው። ከሁለቱ ጓደኛሞች አንዳቸውም አልታከሙም ነበር። ትኩሳታቸው ግን በሁለተኛው ቀን ወርዶ ስለነበር ሁለቱም የዳኑ መስሏቸው ወደ ለቀማ ተመለሱ።

እሱ ብቻም አይደለም። ኮአርተም ቅባት ይፈልጋል። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ከሁለቱ ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። ወተት፣ ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ምግብ፣ ለውዝም ቢሆን ይበቃል። ለቃሚ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆዱ ነው የሚወጣው። ከወሰደ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን መድገም አለበት፤ ያኔ ደግሞ ማሸጊያው ስለሚጎድል ተጨማሪ ያስፈልገዋል። መጋዘን ውስጥ እነዚህን ሁሉ የሚነግረው ሰው የለም።

ሦስተኛው አዲስ ንክሻ ነው። ሰውየው ያለ አጎበር በዚያው መጠለያ ማደሩን ከቀጠለ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና ቢያዝ ምንም አይገርምም።

አሁን ወደ ሐሰተኛው እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ 10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ሐሰተኛ ነው። በብዛት ሪፖርት ከሚደረጉት መካከልም የወባ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ አሉ። ስለዚህ ስጋትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሐሰተኛ ማለት ሆን ተብሎ ለማታለል የተሠራ ነው። ደረጃውን ያልጠበቀ ማለት ደግሞ ፈቃድ ባለው ፋብሪካ ተሠርቶም ጥራቱ የጎደለ፣ ወይም ደህና ተሠርቶ በመንገድና በመጋዘን የተበላሸ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። እኔ እርስዎ ዘንድ ይበልጥ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

የቡና መጋዘንዎን በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ቆርቆሮ ጣራ ነው። በቀትር ውስጡ ምድጃ ነው። ጠዋት ደግሞ ከጀንፈሉ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳውን ያላበዋል። የኮአርተም ማሸጊያ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከጥቅምት እስከ ጥር የከረመ መድኃኒት፣ ሲገዛ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሲወሰድ ጥሩ ስለመሆኑ ማንም ዋስትና ሊሰጥዎ አይችልም። ክኒኑን በዓይን አይቶም መለየት አይቻልም። ቀለሙ ቢጫ፣ ማሸጊያው ያማረ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥራት ቤተ ሙከራ አለው፤ ከከተማችን ብዙም የማይወራለት ሀብት ነው።

ዋጋ የጥራት ምልክት አይደለም። ውዱም የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ ርካሹም ደህና። ነገር ግን አንድ ነገር ይመርምሩ። የወባ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ በነፃ የሚታደል ወይም ለሽያጭ ያልቀረበ የሚል ጽሑፍ ካለበትና እርስዎ በብር ከገዙት፣ ያ መድኃኒት ከአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ሾልኮ የወጣ ነው። ምናልባትም ሠራተኞችዎ «አልቋል» ከተባሉበት።

የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ የተፋቀ፣ የማብቂያ ቀኑ የማይነበብ፣ ያለ ካርቶን በነጠላ የሚሸጥ፣ ወይም ከገበያ መደብ ላይ የተዘረጋ ከሆነ አይግዙ። ከተጠራጠሩ አይጣሉት። ማሸጊያውን እንዳለ፣ ከደረሰኙ ጋር ይያዙና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃው ስልክ 8482 ይደውሉ። ያለ ባች ቁጥር የሚቀርብ ቅሬታ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ከአዲስ አበባ ወይም ከድንበር ማዶ ላስመጣ ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው መድኃኒትና ጅማ ላይ ያለው መድኃኒት የሚመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባው ደግሞ በአገራችን ተመዝግቦ ያልተፈተሸ፣ በምን መኪና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደመጣ የማይታወቅ ነው። ከዚህም ሌላ ፈቃድ የሌለው ሰው መድኃኒት አከማችቶ ማደል በሕግ የተከለከለ ነው። ደግነትዎን አልጠራጠርም። ከኪስዎ ገንዘብ አውጥተው ሠራተኛ የሚያሳክሙ አሠሪ ብዙ አይደሉም። ግን አንድ ሰው በእርስዎ ክኒን ምክንያት ቢሞት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ «አልቋል» ወደሚለው ቃል። በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛል። አብዛኛው ግዢ በዓለም አቀፍ እርዳታ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ያ ምሰሶ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ከታዘዘበት እስከሚደርስበት ብዙ ወራት ይወስዳል። በጅቡቲ ይገባል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጅማ ላይ ወዳለው ቅርንጫፉ ይልከዋል። ከቅርንጫፉ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ። በዚህ ሰንሰለት ላይ አንዱ ቀለበት ከላላ መጨረሻው ላይ የሚታየው ባዶ መደርደሪያ ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሰንሰለቱን የሚያንቀሳቅሰው ወረቀት መሆኑን ነው። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ቅጽ ይሞላል። ስንት ነበረኝ፣ ስንት ሰጠሁ፣ ስንት ቀረኝ። የሚላክለት መጠን የሚሰላው ከዚህ ነው። ያለፈው ፍጆታ የመጪውን ትዕዛዝ ይወስናል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ዓመቱን ሙሉ እኩል ለሚወሰድ መድኃኒት ደህና ነው። ለወባ ግን አይመችም። ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይነሳል። በሐምሌና በነሐሴ ፍጆታ የታዘዘ መድኃኒት የኅዳርን ጎርፍ አይመልስም። የጎማና የሊሙ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ልክ ወባው በሚነሳበት ወር ቡናው ይቀላል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከደጋ ይወርዳል። ደጋ ያደገ ሰው ወባ ስለማያውቀው ሰውነቱ ምንም መከላከያ የለውም፤ ሲይዘው ይጠናበታል። ይህ ሁሉ ሰው በቀበሌው የሕዝብ ቁጥር ውስጥ የለም። አጎበር በቤተሰብ ሲታደልም ስሙ አልተጠራም። ለጤና ኬላው ይህ ሕዝብ ድንገት ከሰማይ የወረደ ነው።

አሁን የሚያመው ክፍል መጣ። መድኃኒት ያለቀበት ወር በወረቀቱ ላይ ፍጆታው ዝቅተኛ ሆኖ ይመዘገባል። ያለቀ መድኃኒት አይሰጥምና። ቅጹን የሚሞላው ሰው ያለቀበትን ቀን ቆጥሮ ካላስተካከለው፣ ለሚቀጥለው ዙር የሚላከው ከበፊቱም ያነሰ ይሆናል። እጥረት እጥረትን ይወልዳል። እርስዎ መጋዘን ውስጥ ያከሟቸው ሰዎችም በየትኛውም መዝገብ የሉም። በጤና ኬላው ዓይን አልታመሙም። በወረዳው ዓይን ወረርሽኝ የለም። በጅማው ቅርንጫፍ ዓይን የጎማ ፍላጎት ትንሽ ነው። በጥሩ ልብ የገዙት እያንዳንዱ ኮአርተም፣ የሚመጣው ዓመት መደርደሪያ ባዶ እንዲሆን አንድ ድምፅ ይሰጣል።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ስሙን አላነሳም፣ ያልተከፈተ ካርቶን ጊዜው አልፎበት ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁ። ለሕፃናት የሚሆን መጠን ነበር። በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ሌላ ጤና ጣቢያ በዚያው ዓመት እናቶችን በባዶ እጅ ሲመልስ ነበር። ሁለቱ ወረዳቸው የተለያየ ስለሆነ ካንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፊርማው ሳይመጣ ክኒኑ ሞተ። ያን ካርቶን ሳስታውስ አሁንም ይቆጨኛል። አካባቢው መድኃኒት አላጣም ነበር። ያጣው መድኃኒቱን ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግር ሰው ነው። ጅማ ላይ ያሉ የጤና ኃላፊዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ ልመናዬ አንድ ነው፦ በወባ ወራት ጤና ጣቢያዎች በስልክ ተነጋግረው ዕለቱን እንዲያዛውሩ፣ ወረቀቱ በኋላ እንዲከተል ፍቀዱ።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት አንድ ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የኦሮሚያ ነበር። ይህ የተመዘገበው ነው። የመጋዘን ታካሚዎች እዚህም ውስጥ የሉም።

ለምን አናመርትም ላሉት፣ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን «ፋብሪካ እንሥራ» በሚል አያልቅም። ክኒኑን መጨፍለቅና ማሸግ ከሥራው ትንሹ ነው። ከባዱ ጥሬ ንጥረ ነገሩን በማያቋርጥ ጥራት ማግኘት ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከቻይናና ከሕንድ ነው የሚመጣው። ከዚያ ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት ማረጋገጫ አለ። ትልልቆቹ ገዢዎች ያለዚህ ማረጋገጫ አይገዙም። ያለ ትልልቅ ገዢ ደግሞ ፋብሪካው አያተርፍም። ቢሆንም በራችን ላይ የተጀመረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ናይሮቢ አጠገብ ያለ አንድ የኬንያ ኩባንያ ለነፍሰ ጡሮች ወባ መከላከያ የሚውለውን ሰልፋዶክሲን ፒሪሜታሚን አምርቶ ይህን ማረጋገጫ አግኝቷል። ታንዛንያ አሩሻ ውስጥ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ከ20 ዓመት በላይ ሲመረት ቆይቷል። የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ የተባለው የአፍሪካ ኅብረት ተቋምም ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ በ2021 ሥራ ላይ ውሏል፤ መቀመጫው ኪጋሊ ነው። ዓላማው አንድ መድኃኒት በየአገሩ ከዜሮ እየተመረመረ ዓመታት እንዳይፈጅ ተቆጣጣሪዎቹን ማቀናጀት ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ጎረቤት አገሮች በጋራ ቢገዙ፣ በጋራ ቢፈትሹ፣ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው ቢያበድረው ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ለመጪው ኅዳር አይደርስልዎትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ተክሉን ተክለን ሻዩን እንጠጣ» የሚሉ አሉ። የኮአርተም ሌላው ንጥረ ነገር የሚሠራበት አርቴሚሲኒን ከተክል መገኘቱ እውነት ነው፤ ያገኙት ቻይናዊት ሳይንቲስት ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ሻዩ ውስጥ ያለው መጠን ግን ትንሽና ከቅጠል ቅጠል የሚለያይ ነው። የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ሳይገድል ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይደግፈውም። መላመድ ደግሞ የሩቅ ስጋት አይደለም። አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ በአገራችን ተገኝቷል። ኮአርተም አሁንም ይሠራል። እንዲሠራ የሚቆየው ግን በግማሽ ካልተወሰደ ነው። እነዚያ በመቀስ ተቆርጠው የተካፈሉ ክኒኖች የሚያስፈሩኝ ለሁለቱ ወጣቶች ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

ቁርጡን ልንገርዎ። መጋዘን ውስጥ መድኃኒት ማስቀመጥ ያቁሙ። በምትኩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቁጥር ይስጡ። ነሐሴ ላይ፣ ገና ለቃሚ ሳይመጣ፣ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ስንት ሰው ይመጣል፣ ከየት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት ያድራል። ግልባጩን ለጤና ጣቢያውና ለጤና ኬላው ይስጡ። ብቻዎን ካደረጉት የአንድ ሰው ደብዳቤ ነው። በአካባቢው ያሉ ሰብሳቢዎች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቡና ማጠቢያ ባለቤቶች አንድ ላይ ካደረጉት ግን ጤና ጣቢያው ቅጹን ሲሞላ ሊያያይዘው የሚችል ማስረጃ ይሆናል። ለኮአርተም የሚያወጡትን ገንዘብ ደግሞ ለባጃጅ ያውሉት። ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ምርመራ ይድረስ። የቀን አበሉን አይቁረጡበት። ለቃሚ ሕመሙን የሚደብቀው ቀኑ እንዳይቆረጥበት ነው።

ምርመራውን አይዝለሉ። ጤና ኬላ ያለው ፈጣን መመርመሪያ ጣት ተወግቶ በግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የወባውን ዓይነት ይናገራል። ገደብ አለው። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም ዝርያ ተገኝቷል፤ ያኔ ሰውየው ወባ ኖሮበት ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ነጋቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልወረደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ትኩሳት ሁሉ ደግሞ ወባ አይደለም። ተስቦ አለ፣ የሳንባ ምች አለ። ያለ ምርመራ ኮአርተም የሰጡት ሰው ሌላ በሽታ ይዞት ቀናት ሊያባክን ይችላል።

ጤና ኬላው «አልቋል» ካለ ጉዞው እዚያ አያብቃ። በመጀመሪያ ሕመምተኛው መመዝገቡን ያረጋግጡ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እዚያም ከሌለ የምርመራ ውጤቱንና የሐኪም ማዘዣ ይዞ፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ መድኃኒት ቤት፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ሙሉ መጠን ይግዙ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ። ለነገ ብለው ትርፍ አይግዙ።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ግን ክኒን አይጠብቁ፦ መጠጣት አለመቻል፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ ከራስ መሳት ጋር፣ መቃዠት፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ትንፋሽ መፍጠን። ይህ የከፋ ወባ ነው፤ የሚታከመው በአርቴሱኔት መርፌ ነው። በሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈልጉ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ምልክቱ ቀላል ቢመስልም በራሳቸው መድኃኒት አይውሰዱ።

ስለ አጎበር ባጭሩ። ለወረዳው በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ይጠይቁ፤ ካልተገኘ ይግዙ። ሰው የሚያድርበት ቦታ ላይ ገመድ ይዘርጉና እያንዳንዱ መኝታ የራሱ ይኑረው። ሲታጠብ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ይገድለዋል። ከ3 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ የተቀዳደደ አጎበር ያለ ይመስላል እንጂ የለም። በአካባቢያችን፣ በተለይ ግልገል ጊቤ ዙሪያ፣ ትንኟ የተለመደውን የአጎበር ኬሚካል እንደተላመደች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ሁለት ኬሚካል ያለው አዲሱ ዓይነት ከተገኘ እሱን ይምረጡ። የሌሊት ዘበኞችዎን አይርሷቸው። ትንኟ ከመኝታ በፊትም፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች፤ እነሱ ደግሞ አጎበር ውስጥ አያድሩም። ጋቢና እጅጌው ረዥም ልብስ ይረዳል። ለጭቃ ቤት አፈር የወጣበትን ጉድጓድ ይድፈኑት፤ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ የትንኟ መራቢያ ነው። የውሃ በርሜሎችንም ይክደኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው፣ በ2022 ደግሞ በድሬዳዋው ወረርሽኝ የተጠረጠረችው የከተማ ወባ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ነው።

ለቀማው አልቆ ሠራተኞቹ ሲሸኙ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ደጋ ከገቡ በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው ቆላ ወርደው እንደነበር ለሐኪሙ ይናገሩ። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ወባን ቶሎ አይጠረጥርም።

ዳግም የታመመው ሠራተኛዎ አሁንም አብሮዎት ከሆነ ዛሬ ይላኩት። ማሸጊያው ካለ ይያዝ። ስንት ክኒን እንደወሰደ፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ምን በልቶ እንደሆነ ይንገራቸው። ውጤቱ ቫይቫክስ ከሆነ የ14 ቀኑን ፕሪማኪን ሊያዙለት ይችላሉና እስኪጨርስ ድረስ ሥራ አያስለቅቁት። ወደ አገሩ ሄዶ ቀሪውን የሚያገኝበት ቦታ ላይኖር ይችላል።